ብቻውን የሚበቃ ጊታር

ስቲል ጊታር ማጀቢያ እንጂ ብቻውን መድረክ የሚይዝ መሣሪያ አይደለም ይባላል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት የተወለደው ጆሴፍ ኬኩኩ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሮቹን በጣት ከመጫን ይልቅ ለስላሳ ብረት እያንሸራተተባቸው ይጫወት ነበር፤ በ1904 ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ተሻግሮ በየቲያትር ቤቱ ስሙን ያስጠራው ይኸው የስቲል ጊታር አጨዋወት ነው። ድምፁ ከኖታ ወደ ኖታ አይዘልም፣ ይንሸራተታል፤ እንደ መሰንቆ ለሰው ጉሮሮ የቀረበ ነው።

እርግጥ ነው፣ ብረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚገኙትን ኮርዶች የክሮቹ ቅኝት ይወስናቸዋል፤ ባሱን የሚሞላ ሌላ ሰውም የለም። ነገር ግን ሌሎች ኮርዶችን ለማግኘት ብረቱን ሰያፍ መያዝ ይቻላል። ፔዳል በተገጠመለት የስቲል ጊታር ዓይነት፣ በፔዳል ስቲል ላይ ደግሞ ግራ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ጉልበት ማንሻውን ሲገፋ፣ የተመረጡት ክሮች ቅኝት ብቻ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ቀኝ እግር የድምፁን መጠን ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ኖታው ቶሎ እንዳይሞት። አውራ ጣት ወፍራሙን ክር ሲመታ የቀሩት ጣቶች ዜማውን ይይዛሉ። ብዙዎች ክፍተቱን በተቀዳ ሙዚቃ ይሞሉታል፤ አልነቅፋቸውም፣ ሰው ማስጨፈር ካለባቸው ይረዳቸዋል። ሆኖም የተቀዳ ሙዚቃ ተጫዋቹን አይጠብቅም፤ አንዲት ኖታ ላይ ጥቂት ልቆይ ቢል ጥሎት ይሄዳል። የዚህ መሣሪያ ውበቱ ደግሞ እዚያ ቆይታ ላይ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን መድረክ የምትወጡ ተጫዋቾች፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ዜማ ያለ ምንም አጃቢ አሰሙን።