712 ሺህ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሂሉክስ ጋር
(በማኅበራችን የዘንድሮው የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ጥገና ባህል 15 ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ ስላይድ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ አየችኝና «ስለ መኪናህ አታወራም እንዴ? እኛ ቤት 26 ዓመት ሙሉ የምንሰማው እሱን አይደል?» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ስላይድ የለም። መኪናው ግን ውጭ ቆሟል፤ በበሩ ስትገቡ በስተግራ ያለው ነጭ ሂሉክስ ነው። ከሥሩ ዘይት ካያችሁ የሌላ ሰው መኪና ዘይት ነው።

የገዛነው በ1991 ዓ.ም. ነው። «ገዛነው» ያልኩት ሁለት ስለነበርን ነው፤ እኔና እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው የዶርም ጓደኛዬ። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ሲጨርስ በጨረታ ከሸጣቸው መኪናዎች አንዱ ነበር፤ የ1990 ሞዴል ቶዮታ፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ 168 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ። ዋጋው 84 ሺህ ብር፤ 42 ሺህ እሱ፣ 42 ሺህ እኔ፣ ግማሹም ብድር። ሊብሬው በእኔ ስም ወጣ። በ1994 ዓ.ም. ጓደኛዬ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲሄድ «ድርሻዬን ንዳልኝ» ብሎ ሄደ። እኔም ነዳሁ። ዛሬ ቆጣሪው 712 ሺህ ይላል።

ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ናፍጣ ለምን እንዲህ ይቆያል?» ብሎ ነው። እዚህ ላላችሁ መምህራን ማስረዳት ድፍረት ቢሆንብኝም ባጭሩ ልበል። የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሳም። አየሩን በኃይል አጭቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭ በዚያ ሙቀት ብቻ ይነዳል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 የሚሠራ ሞተር ያሳየው በዚሁ ሐሳብ ነው። ያንን ጫና እንዲችል ብሎኩም፣ ኮሎውም፣ ፒስተኑም ወፍራም ሆኖ ይሠራል፤ አዟዟሩም ከቤንዚን ሞተር ዝግ ያለ ነው። የእኔው መኪና ደግሞ ተርቦ የለውም፤ ኮምፒዩተር የለውም፤ ፓምፑ ሜካኒካል ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃው ይገኛል፤ የሚፈታውም ሰው አይጠፋም።

ግን «ጠንካራ ነው» ማለት «ቢረሱትም ይኖራል» ማለት አይደለም። አንድ ግሪካዊ ባለታክሲ የ1976 መርሴዲስ 240ዲውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋብሪካው ሙዚየም ሰጥቷል። ያን ያህል የሄደው ሞተር እየቀያየረ ነው። እኔም 712 ሺህ ስል በ540 ሺህ ላይ ሞተሩን አስወርጄ ፋሻና ብሮንዚና መቀየሬን አልደብቅም። ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን፣ ሦስት ጊዜ ራዲያተር፣ ባሌስትራውንማ አልቆጥረውም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ስለማስታውስ ሳይሆን ስለምጽፍ ነው። ይኸውላችሁ ደብተሩ፤ አራተኛው ነው። ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር። ውኃ ከናፍጣ ማጣሪያው በየወሩ ማፍሰስ፤ ምክንያቱም ፓምፑንና ኖዝሉን የሚያቀባው ራሱ ናፍጣው ነው፤ ውኃ ከገባ ይበላዋል። ጭስም ይጻፋል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ነጩ ጠዋት ብቻ ከሆነ ካንዴሌታውን እዩ፤ ሞተሩ ሞቆም ካልለቀቀ ቴስታታውን ጠርጥሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ ፓምፕ እዚህ ጥቁር ያጨሳል። ስለዚህ ፓምፑን ለከተማችን ከፍታ ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ጉልበቱ ይቀንሳል ብሎ አያደርገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ክፍል እዚህ እንድናገር ከትናንት በስቲያ ማታ ከጓደኛዬ ፈቃድ ወስጃለሁ።

ይህ ሞተር ካምሻፍቱን የሚያዞረው በታይሚንግ ቤልት ነው። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ቆጣሪው መቶ ሺህ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት ትበራለች። በ200 ሺህ በራች፤ ቀየርኩ። በ1998 ዓ.ም. በ300 ሺህ በራች። ያን ጊዜ ቤት እየሠራሁ ነበር፤ ገንዘቡ ሁሉ ወደ ሲሚንቶ ይሄዳል። «ከበዓል በኋላ» አልኩ፤ ከዚያ «ከሰኔ በኋላ»። መብራቷ ግን ማታ ማታ ዓይኔን ትወጋኛለች። አንድ ቅዳሜ ዳሽቦርዱን ፈታሁና አምፖሏን ነቀልኳት። ከዚህ ግቢ በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ነቀልኳት።

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጓደኛዬ ከአሜሪካ ደወለ። እናቱ ደብረ ማርቆስ ኩላሊታቸውን ታመዋል፤ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ተይዞላቸዋል፤ አምጣልኝ አለ። ሄጄ አመጣኋቸው። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃን ወረድን፤ ድልድዩን ተሻግረን ጎሐ ጽዮን ወጣን። ገርበ ጉራቻ ሳንደርስ አንድ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። ቤልቱ ተበጠሰ። ቫልቮቹ ከፒስተን ተጋጩ፤ በኋላ ሲፈታ ስምንቱም ጠመው ነበር።

እማማ ዝናብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጆንያ ላይ ተቀምጠው አምስት ሰዓት ጠበቁ። «አይዞህ ልጄ፣ ብረት ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዝም። በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ጋቢና አስገብቶ ወሰዳቸው። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት በሕመም ቆዩ። እግዜር ይመስገን ድነው በ2008 ዓ.ም. በዕድሜያቸው ነው ያረፉት። እኔ ግን አንድ ነገር አሁንም ያቃዠኛል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የዓባይ ቁልቁለት ላይ ነበርን። የናፍጣ መኪና የፍሬኑን አጋዥ ቫኩም የሚያገኘው ሞተሩ ከሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሞተሩ እዚያ ቢቆም ኖሮ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንብኝ ነበር።

ለጓደኛዬ በስልክ ያልኩት «መኪናው አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ነው። እሱም «እውነትህን ነው» ብሎ የጥገናውን ግማሽ ላከልኝ። ተቀበልኩት። 18 ዓመት ሙሉ ስንደዋወል ይህን አልነገርኩትም።

ከትናንት በስቲያ ቡና እየጠጣን ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አሁንስ አምፖሏ አለች?» አለኝ። ተነስተን ወደ መኪናው ሄድን። ቁልፉን አዞርኩ፤ መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ እሷም በራች። አስነሳሁት፤ ጠፋች። «እሺ» አለ፤ «ቅዳሜ ንገራቸው።» ገንዘቡን ልመልስልህ ስለው «በሒሳብ እንነጋገራለን» አለኝ፤ እስካሁን አልተነጋገርንም።

መምህራኖቻችን፣ የጥገና ባህል የለንም ሲባል ብዙ ጊዜ ዕውቀት ወይም ዕቃ የጎደለን ይመስለናል። እኔ ዕውቀቱ ነበረኝ፤ ቤልቱም ሶማሌ ተራ ነበር። ያደረግኩት ግን የሚያስታውሰኝን መንቀል ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ በሠራሁባቸው ቦታዎች ይህችን አምፖል በብዙ መልክ አይቻታለሁ፤ ድምፁ የተዘጋ የጄኔሬተር ማስጠንቀቂያ፣ «ደህና ነው» ተብሎ ሳይታይ የሚፈረም የምርመራ ቅጽ። ለተማሪዎቻችሁ ቀመሩን ስታስተምሩ ደብተር መያዝንም አስተምሯቸው። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ምን እንደተደረገና ምን እንዳልተደረገ ይጻፉ። «ምን እንዳልተደረገ» የሚለው ዓምድ በእኔ ደብተር የተጨመረው ከዚያ ነሐሴ በኋላ ነው።

ልጆቼ «አባዬ፣ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን አረጋግጧል። እኔ ስለወደድኩት ብቻ ሌላው ሰው ጭሱን መሳብ የለበትም። ስለዚህ ከባለ ግማሽ ድርሻው ጋር ተስማምተናል፤ ፓምፕና ኖዝል አስተካክለን ጥቁሩ ጭስ እምቢ ያለን ቀን ይቆማል። በራሱ ፈቃድ ካልቆመ ደግሞ 800 ሺህ ላይ፣ ያቺ መብራት ስትበራ፣ ቤልቱን ሳንቀይር ቁልፉን እናስቀምጣለን።

ከምሳ በኋላ ኮፈኑን እከፍታለሁ። ተማሪዎች ኑ፤ ደብተሩንም አምጥቻለሁ፣ የ1998ቱ ገጽ ሳይቀር ታዩታላችሁ። ወደ ቦታዬ ስመለስ ጓደኛዬ አጠገብ ነው የምቀመጠው።