ሜዳው የማን ነው? ስለ አጭር የዕረፍት ጉዞ አስተቃቀድና ስለ ገና ሜዳዎቻችን



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ቀላል ይመስላል፦ አንድ ሰው ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ወደ አንድ ታሪካዊ የጨዋታ ስፍራ ለመሄድ ሲያስብ ጉዞውን እንዴት ያቅዳል? ተማሪዎቻችን የጉዞ ዕቅድ ሲያዘጋጁ ስለ መኝታ፣ ስለ መጓጓዣና ስለ ወጪ በጥንቃቄ ይጽፋሉ። ይህ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ሜዳው የማን ነው? ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለዶክትሬት ጥናቴ በስኮትላንድ ሳለሁ፣ ጎልፍ የሚወድ አንድ የትምህርት ባልደረባዬ ታሪካዊው የጎልፍ ሜዳ ወዳለበት ወደ ሴንት አንድሩስ አብረን እንድንሄድ ጋበዘኝ። ሁለታችንም ከሥራ ነጻ የምንሆነው እሑድ ስለ ነበረ እሑድን መረጥን። በከተማዪቱ የባቡር ጣቢያ ስለሌለ ሊውካርስ በምትባል ጣቢያ ወርደን የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ ሄድን። ባሕሩ ዳር ስንደርስ በሜዳው ላይ አንድም ተጫዋች አልነበረም። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ሽማግሌዎች ውሻቸውን አስከትለው ይንሸራሸራሉ። ኦልድ ኮርስ የሚባለው ዋናው ሜዳ በተለመደው ሳምንት እሑድ ለጎልፍ ዝግ እንደ ሆነ፣ ያ ቀንም የከተማው ሕዝብ መናፈሻ እንደ ሆነ የተረዳነው እዚያ ቆመን ነው። ባልደረባዬ የመጫወቻ ዱላዎቹን እንደ ተሸከመ ተመለሰ። ሌሎች ቀኖች እንኳ ቢሆን ብዙው እንግዳ የሚጫወተው አስቀድሞ ተመዝግቦ በዕጣ ተራ ሲደርሰው መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቅዳችን የእኛን የዕረፍት ቀን እንጂ የሜዳውን ሥርዐት አልጠየቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ የዚያን ሜዳ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ሊንክስ የሚባለው በባሕርና በእርሻ መካከል የሚገኝ፣ ጉብታና ጎድጓዳ የበዛበት አሸዋማ መሬት ነው። ለማረሻ ስለማይመች ለግጦሽና ለጨዋታ ቀረ። የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1457 ወጣቱ የቀስት ልምምዱን እንዳይተው በማሰብ ጎልፍን ከልክሎ ነበር፤ ጨዋታው ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1552 በተጻፈ ሰነድ የሴንት አንድሩስ ሕዝብ በመሬቱ ላይ የመጫወት መብቱ ታወቀለት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚከተለው የ18 ጉድጓድ ሥርዐትም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1764 እዚያ የነበሩት 22 ወደ 18 ከተቀነሱ በኋላ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የሚቀጥለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 የከተማው አስተዳደር በዕዳ ተይዞ መሬቱን ጥንቸል ለሚያረቡ ነጋዴዎች አሳልፎ ሰጠ። ጥንቸሎቹ ሜዳውን ቆፈሩት፤ በነዋሪዎችና በነጋዴዎች መካከል የተነሣው ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1821 ጀምስ ቺፕ የተባለ የአካባቢው ባለርስት መሬቱን ገዝቶ ለጨዋታ አቆየው። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ በፓርላማ ሕግ መሠረት ከተማው ሜዳውን መልሶ የራሱ አደረገ። ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ የሚያየው ሣር የተረፈው የአካባቢው ሰዎች መብታችን ነው ብለው ስለ ተከራከሩለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ባሕር የለንም። ዱላና እሩር ግን አለን። ገናን በዚህ አዳራሽ ካለን ሰዎች ብዙዎቻችን ተጫውተናል። እኔ ያደግሁባት መንደር ከደብረ ታቦር ብዙ አትርቅም። ኅዳር ሲያልቅ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ፍለጋ ጫካ እንገባ ነበር። አዝመራው ሲነሣ ሜዳው ይለቀቃል፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሆነን እንገጥማለን። በዚህ ጨዋታ ጌታም ቢሆን እንደማይቆጣ ብሂላችን ይናገራል። በዕለቱ ባለጸጋውና እረኛው በአንድ ሜዳ ላይ እኩል ይቆማሉ። ይህም ሊሆን የሚችለው ሜዳው የአንድ ሰው ካልሆነ ነው።

እንግዲህ አንድ እንግዳ ለገና ወደ ደብረ ታቦር የሦስት ቀን ጉዞ ያቅድ እንበል። አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቃል፤ ይህ ካልተረጋገጠ ሌላው ሁሉ ይቆያል። ቀጥሎ ቀኑን ይቈጥራል፦ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው። በዋዜማው መናኸሪያው ስለሚጨናነቅ፣ በበዓሉም ዕለት መኪና ስለማይገኝ፣ ሁለት ቀን ቀድሞ መግባት ይበጃል። እስከ በዓሉ ሌሊት ጾም ስለሆነ በየምግብ ቤቱ የሚያገኘው የጾም ምግብ መሆኑን ይወቅ። የታኅሣሥ ሌሊት በደጋው ውርጭ ነውና ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ ይያዝ።

በመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ይመጣል፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፎገራን ሜዳ፣ ከብቱንና የሩዝ ማሳውን አይቶ ወደ ደጋው ይወጣል። በሁለተኛው ቀን ራስ ጉግሣ የቆረቆሯትን ከተማ ይዞራል፤ ወደ ጋፋትም ይሄዳል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሠራው እዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዪቱን ትተው ወደ መቅደላ ሲሄዱም መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ተከትሏቸዋል። ሦስተኛው ቀን የበዓሉ ነው። ጧት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ። ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ጉና ተራራ ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ስለሚሄድበት ሜዳ እንግዳው ማንን ይጠይቃል? የአካባቢውን ሽማግሌዎች ነው። ጨዋታው የት እንደሚካሄድ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀድ እንደ ሆነ፣ እንግዳ የሚቆምበት ቦታ የት እንደ ሆነ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። መሪ ካስፈለገው ከዚያው መንደር ወጣት ይቅጠር፤ ገንዘቡም እዚያው ይቅር። ጨዋታው ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም፤ ዘግይቶ ቢጀመር ወይም በለቅሶ ምክንያት ቢቀር ማጉረምረም አይገባውም።

ዳሩ ግን፣ ወዳጆቼ፣ ይህን ዕቅድ እየጻፍሁ ሳለ እጄ የቆመበት ቦታ ነበረ። ባለፈው ዓመት እኔ ልጅ ሆኜ የተጫወትሁበትን ሜዳ ለማየት ሄጄ ነበር። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በግማሹ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። የቀረችው ጥግ ላይ ልጆች በጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር። የገና ዱላ የያዘ አላየሁም። አንድ አዛውንት ቀርቤ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዱላውስ ይገኛል፤ የት ቆመን እንምታው?» አሉኝ። የምመልሰው አላገኘሁም።

አጥሩን ያጠረው ሰው ክፉ ነው አልልም። ቤት የሚያስፈልገው ቤተሰብ አለ፤ ባሕር ዛፉም የዕለት እንጀራ ነው። ሴንት አንድሩስም ሜዳውን አሳልፎ የሰጠው በዕዳ ተጨንቆ እንጂ በክፋት አልነበረም። ልዩነቱ እዚያ ሕዝቡ ይዞ የሚከራከርበት የተጻፈ መብት ነበረው፤ በመንደሬ ግን የሜዳው ወሰን የሚታወቀው በአዛውንቶች ትዝታ ብቻ ነው። እነርሱ ሲያልፉ ማስረጃው አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ለዚህ ዓመት ተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ማስታወቂያ መጻፍ አይደለም። እያንዳንዳችሁ ወደ ትውልድ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ አንድ የገና ሜዳ ፈልጉ። ስሙን፣ ወሰኑን፣ ማን ከማን ጋር ይገጥም እንደ ነበረ፣ መቼና ለምን እንደ ተቋረጠ ከሦስት አዛውንቶች ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ካርታውንም ንደፉ። የሰበሰባችሁትን አንድ ቅጂ ለቀበሌው አስረክቡ፤ መሬት ሲመራ አስተዳደሩ የሚያየው ወረቀት ይኑረው። እንግዳውን የምንጠራው ከዚያ በኋላ ነው።