ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ጽንስ ማቋረጥና የነርስ የግል አመለካከት

(በላንቴ ለተሰበሰቡ ነርሶችና አዋላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ብዙዎቻችን አንገታችንን የምንደፋበት ነው። ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ በግልጽ እንወያያለን፤ ጽንስን ስለ ማቋረጥ ግን በጓዳ እንጂ በአደባባይ አንነጋገርም። ይሁን እንጂ የእኛ ዝምታ ችግሩን አላስቀረውም። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ሕጉ ሊደርስበት የማይችለው የልባችን አቋምም ምን ያህል እንደሚመዝን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ እንዲቋረጥ የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ሌላ መንገድ ሲታጣ፣ ያውም በሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 ምክንያቶቹን አሰፋ። እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና ለአደጋ ሲጋለጥ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ማቋረጡ አያስቀጣም። አንቀጽ 552 ደግሞ ስለ መደፈሯ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ መሆኑን ይገልጻል። እንግዲህ «የፖሊስ ወረቀት አምጪ» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ሕጉ ያልጠየቀውን ይጠይቃል ማለት ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች ውጭ የሚፈጸመው ግን ዛሬም ወንጀል ነው።

በ1998 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ መሠረት የሠለጠኑ ነርሶችና አዋላጆች ይህን አገልግሎት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። በዚህም የተነሣ፣ ቀድሞ የሐኪም ብቻ የነበረው ጥያቄ የእኛም ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መለወጡ አይካድም። በ2000 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት በአገሪቱ ሆን ተብለው ከተቋረጡት እርግዝናዎች በጤና ድርጅት ውስጥ የተፈጸሙት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን 620,000 ያህል ከተገመተው ቍጥር ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጠው በጤና ድርጅት ውስጥ መፈጸሙ ታወቀ። የቀሩት ወዴት ሄዱ? ሕጉና መድኃኒቱ እያሉ ወደ እኛ ያላመጣቸው ምንድን ነው? ርቀት፣ ገንዘብ ማጣትና ሕጉን አለማወቅ ምክንያቶች ናቸው። ከእነዚህ ጋር ግን የእኛ ፊት መቈጠሩ ይገባል።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዳ የሚጠግበው በቀረበለት ምግብ ብቻ ሳይሆን በተቀበለው ፊት ነው። ታማሚም እንዲሁ ናት። ነርሷ ግንባሯን ስትቋጥር፣ ሆን ብላ ከሰልፉ መጨረሻ ስታስቀምጣት፣ «ባልሽ የታለ?» ብላ ሰው በተሰበሰበበት ስትጠይቃት፣ ልጂቱ ተነሥታ ትሄዳለች። እርግዝናው ግን አብሯት ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚፌፕሪስቶንና በሚሶፕሮስቶል ወይም በእጅ በሚሠራ መምጠጫ ያለ ብዙ ችግር ሊፈጸም ይችል የነበረው፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደረብ አደጋው ይጨምራል። በመጨረሻም በስውር ያደረገችውን አድርጋ፣ ደም እየፈሰሳትና ትኵሳት እያንቀጠቀጣት ትመለሳለች።

በተለይም በላንቴ ይህ ነገር ይከብዳል። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለው ይህ የሙዝ አገር ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው፤ ነርሷም የታማሚዋ ጎረቤት፣ የገበያ ወይም የማኅበር ባልደረባ ልትሆን ትችላለች። ከዚህም በላይ በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባለው የነውር ሕግ ጥፋት በአጥፊው ላይ ብቻ ሳይቀር ለቤተ ሰብና ለመሬት ይተርፋል ተብሎ እንዲፈራ አድርጓል። በእንዲህ ያለ አገር ከነርስ አፍ ያመለጠች አንዲት ቃል ሴቲቱን ከቀዬዋ ልታስነቅል ትችላለች።

ታዲያ ሃይማኖቴና ኅሊናዬ ይህን ድርጊት አይቀበሉም የምትለዋ ነርስ ምን ታድርግ? ይህች ነርስ ከመካከላችን ጥቂት አይደለችም፤ ክፉም አይደለችም። ጽንስን ሕይወት ነው ብላ ማመኗ የሚያስንቃት አይደለም፤ እምነቷን እንድትለውጥም አልጠይቃትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቍጥር 299 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት ሕጋዊ ጽንስ ማቋረጥን፣ የወሊድ መከላከያንና ደም መስጠትን እምቢ እንዳይል ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ደንብ እጅን ያዝዛል፤ ፊትን ማዘዝ አይችልም። ይህ የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው።

በበኩሌ የማቀርበው አሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ኅሊናዋ የከበዳት ነርስ ነገሩን ለኃላፊዋ የተረኝነት ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት ትግለጥ፤ ለታማሚዋ በአልጋዋ አጠገብ አትግለጥ። ኃላፊዋም ሌላ ባልደረባ በቦታው ያኑር። ሌላ ሰው በሌለበት ግን ሕጉ የፈቀደላት ሴት ሜዳ ላይ መቅረት የለባትም። ሁለተኛ፣ ደም ለሚፈሳት ሴት ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ የምርመራ እንጂ የፍርድ ጥያቄ አይሆንም፤ በዚያ ሰዓት ሥራችን ማዳን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ምሥጢሯ ከመዝገቡ አይውጣ። አራተኛ፣ ይህን አገልግሎት የሚሰጡትን ባልደረቦቻችንን በሻይ ሰዓት በነገር አንውጋቸው፤ እነርሱም በኅሊና የሚሠሩ ናቸውና። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ሴቲቱ ከመሰናበቷ በፊት ስለ ወሊድ መከላከያ ምክር ማግኘቷን እናረጋግጥ፤ ማቋረጥን የምትቃወመውም የምትደግፈውም ነርስ በዚህ ይስማማሉና።

ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ የነርስን ኃላፊነት በአራት ከፍሎታል፤ ጤናን ማዳበር፣ በሽታን መከላከል፣ ጤናን መመለስና ሥቃይን ማስታገሥ። መፍረድ ከአራቱ አንዱ አይደለም።

ሕዝቡ «ሲስተር» ብሎ ይጠራናል። ይህ የዝምድና ስም ነው። በጭንቅ ወደ ቤቷ የመጣችን ታናሽ እኅቷን በሩ ላይ አቁማ የምትመረምር ታላቅ እኅት የለችም፤ አስቀድማ ታስገባታለች። እኛም እንዲሁ እንድናደርግ በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።