የብልት ጫፍ ብግነት፤ መንስኤውና ሕክምናው

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል ከሌሎች ደዌዎች ይልቅ በወንድ ብልት ሕመም ላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ጎልማሳ በብልቱ ጫፍ ላይ መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ፈሳሽ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ኀፍረቱን እንጂ ሕክምናውን አይደለም። ሰውየው በመቀሌ ከተማ የሮማናት አካባቢ ነዋሪ ቢሆን፣ ሐኪም ፊት ከመቅረብ ይልቅ ወደማይታወቅበት ሰፈር ተሻግሮ ከመድኃኒት ቤት ቅባት መግዛትን ይመርጣል። ጠባዩ የመቀሌ ብቻ ሳይሆን የጎንደርም የአዲስ አበባም ነው። ነገር ግን በቅባት የተሸፈነው ሕመም ብዙ ጊዜ ከብልት ጫፍ የሰፋ በሽታ ምልክት ነው።

በሕክምና አጠራር ባላናይቲስ የሚባለው የብልት ጫፍ ብግነት ነው፤ ብግነቱ ሸለፈትንም ሲይዝ ባላኖፖስታይቲስ ይባላል። ከሸለፈት ሥር የሚጠራቀመው እድፍና እርጥበት ለተሐዋስያን ስለሚመች፣ በሽታው ባልተገረዙ ወንዶች ላይ ይበዛል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ይገረዛል፤ በሙስሊሙም ዘንድ ግዝረት የጸና ሥርዓት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ወንዶች ከ90 በላይ የሚሆኑት የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ በተገረዘ ጎልማሳ ላይ ብግነት ሲታይ «ንጽሕና ጎድሎት ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ከምክንያቶቹ ቀዳሚ ሆኖ ሊታሰብ የሚገባው የስኳር በሽታ ነው። ሽንት ስኳር ሲበዛበት ካንዲዳ ለተባለው ፈንገስ ምግብ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን የሚያውቀው በዚሁ ብግነት ምክንያት ሲመረመር ነው። ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉት አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶችም ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ ስለሆኑ ይህንኑ ብግነት ያስከትላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የአባላዘር በሽታ ነው። ቂጥኝ፣ ሄርፒስና ትሪኮሞናስ በብልት ጫፍ ላይ ቁስል ወይም መቅላት ያመጣሉ። ሦስተኛው ራሱ መድኃኒቱ ነው። ኮትሪሞክሳዞል፣ ቴትራሳይክሊንና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች በአንዳንድ ሰዎች ላይ፣ በተወሰዱ ቁጥር በዚያው ስፍራ የሚመላለስ ጥቁር ወይም ቀይ እከል ያወጣሉ፤ የብልት ጫፍም እከሉ ከሚያዘወትራቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቴትራሳይክሊን የሚውጥ ሰው፣ እድናለሁ ሲል ሕመሙን ይጠራዋል። ከዚህም ሌላ ኃይለኛ ሳሙና፣ የንጽሕና ኬሚካልና የኮንዶም ላስቲክ ቆዳን ሊያስቆጡ ይችላሉ። አልፎ አልፎም ላይከን ስክሌሮሰስ የተባለው የቆዳ በሽታ ወይም ካንሰር ከብግነቱ በስተጀርባ ይገኛል።

ሕክምናው እንደ መንስኤው ነው። በማናቸውም ዓይነት ቦታውን በሳሙና ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ወይም ቀላል የጨው ውሃ ማጠብና ማድረቅ ይጠቅማል። መንስኤው ፈንገስ ሲሆን 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ቅባት በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቀባል፤ የትዳር ጓደኛም ምልክት ካላት አብራ ትታከማለች። ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ሜትሮኒዳዞል ሊያስፈልግ ይችላል። ለጀማሪ ቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በጡንቻ ይሰጣል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ካልታከሙ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። መንስኤው ሳይታወቅ የስቴሮይድ ቅባት ብቻውን መስጠት ፈንገሱን ማሳደግ ነው። ወደ ኋላ ተስቦ የታነቀ ሸለፈት አስቸኳይ እርዳታ ይሻል። በሕክምና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያልዳነ ቁስል ደግሞ ናሙናው ተቆርጦ ሊመረመር ይገባዋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ የመድኃኒት አቅርቦት ተቋርጦ፣ የመቀሌው አይደር ሆስፒታል ሳይቀር የኢንሱሊን እጥረት ገጥሞት ነበር። የስኳር ሕክምናው በተቋረጠበት ሕመምተኛ ላይ እንዲህ ያለው ብግነት መመላለሱ አይቀርም፤ ቅባት ቢደጋገምለትም ስኳሩ እስካልታከመ ድረስ ፈውስ አያገኝም።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በር ዘግቶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ወቀሳ 3 ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ውሃ ጥሙና ሽንቱ በዝቶበት እንደሆነ፣ በቅርቡ የወሰደው መድኃኒት ምን እንደሆነና የትዳር ጓደኛው ጤና እንዴት እንደሆነ። ከዚያም ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ስኳሩን መለካት ነው። ሳይበላ ያደረ ሰው ልኬት 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋግጦ ለስኳር በሽታ ሊታከም ይገባዋል። ፋርማሲስቱም ቅባቱን ከመሸጡ በፊት ይህን ምርመራ ቢመክር፣ ያ ኀፍረተኛ ሰው ብልቱን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንና ኩላሊቱንም ከጉዳት ያተርፍ ይሆናል።