አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በአዲስ ስለ መለወጥ
(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው መዳፍ ስለምታህል አንዲት ዕቃ ነው፤ ይህችውም የቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ናት። ለመታሰቢያ መጽሔታችን የተሰበሰቡት የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶግራፎች በስካነር ተነሥተው የተቀመጡት በእርስዋ ብቻ ነበር፤ ዋናዎቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ሌላ ቅጂ ለምን አላስቀራችሁም ብትሉን መልስ የለንም፤ ጥፋቱ የእኛው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። የአሮጌው ዓይነት ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን፣ በላዩም የሚመላለስ የንባብ ክንድ አለው፤ ድምፁ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ሊሞት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከየኪሳችን አዋጥተን የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ኤስ.ኤስ.ዲ. ገዛን። ባለ 480 ጊጋ ባይት በርካሽ አግኝተን ነበር፤ ነገር ግን አሮጌው 500 ስለ ሆነ፣ አዲሱም ካነሰ እንዳለ መገልበጥ ስለሚያስቸግር፣ ባለ 500ውን መረጥን።

በመጀመሪያ ፎቶግራፎቹን በሌላ ዲስክ ገለበጥን። ይህ ደግ ነበር። ቀጥለን ግን የዊንዶውስን ፋይሎች እንደ ተራ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ገልብጠን ኮምፒዩተሩን ብናበራው አልነሣም አለ። ለካስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሣው ክፍል ተሰውሮ በተለየች ትንሽ ክፋይ ይቀመጣል! የቤቱን ዕቃ ሁሉ አጓጉዘን ቁልፍ የያዘውን ዘበኛ ረስተን ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሎንዚላ የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነን ኮምፒዩተሩን በእርሱ አስነሣን። ይህ ዲስኩን ከነክፋዮቹ ይገለብጣል። አስፈሪው ነገር «ከየትኛው? ወደ የትኛው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው፤ መልሱ ከተገላበጠ መዳን የሚገባው ይደመሰሳል። የሁለቱ ዲስኮች መጠን አንድ ነው። አንዳችን ሊጫን ጣቱን እንዳነሣ ሌላው «ቆይ!» ብሎ በላያቸው የተጻፈውን መለያ ቁጥር ቢያስተያይ፣ ምንጭ ብለን የመረጥነው አዲሱን ኖሯል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በወረቀት ካሰፈርነው ጋር ያመሳክራል።

ሥራው ተጀምሮ 40 ደቂቃ ያህል እንደ ሄደ መብራት ጠፋ። በእንጦጦ ግርጌ ለምትኖሩ ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም። ደግነቱ አሮጌው ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም ነበርና ሥራው በመቋረጡ መረጃው አልጠፋም። ዩ.ፒ.ኤስ. ተውሰን ከሀ ጀመርን። የተበላሸው ሥፍራ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቆመ፤ የማይነበበውን እያለፈ እንዲቀጥል አዝዘን እስከ ማታ ጠበቅን። በመጨረሻ አሮጌውን ነቅለን አዲሱን ብቻ ትተን ብናበራው ተነሣ። ጩኸታችንን የሰሙ አንድ መምህር «እሳት ነው ወይ?» እያሉ ሮጠው መጡ።

አሮጌውን ዲስክ አልጣልነውም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ እንኳ፣ አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ከዚህ በላይ በተራራው ባለችው በእንጦጦ ማርያም ነበር። እኛም ዲስኩን ቀን ጽፈንበት በቁም ሣጥን ቆልፈንበታል።

ሰባት ፎቶግራፎች ግን በየትኛውም ቅጂ አልከፈት አሉ። ከእነርሱ አንዱ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በደረጃው ላይ ተሰልፈው የተነሡት ነው። የባለቤቶቹን ስም የያዘው ዝርዝርም አብሮ ተበላሽቷል። በመጽሔቱ ውስጥ ቦታቸውን ባዶ ትተነዋል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ዋናው ፎቶግራፍ በቤታችሁ ካለ እባካችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይዛችሁልን ኑ፤ ቆማችሁ ሳላችሁ አንሥተን፣ በሦስት ቦታ አስቀምጠን፣ በእጃችሁ እንመልስላችኋለን።