ነቀዝ የሚገድል ጋዝ ሰውንም አይምርም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ እህል ክምችት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል የማነሳ መስሏችሁ ይሆናል። ለዚያ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመጋዘን ውስጥ ነቀዝ ሳሳድድ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ኬሚካል ላጫውታችሁ። ስሙ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይባላል። በእኛ መጋዘን የለም፤ ታሪኩ ግን በመጋዘናችን ስላለው ክኒን ብዙ ይነግረናል።

ካርቦን ዳይሰልፋይድ ከካርቦንና ከድኝ የሚሠራ ፈሳሽ ነው። ላምፓዲየስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1796 አገኘው። ንጹሑ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፤ የፋብሪካው ግን እንደ በሰበሰ ጎመን ይከረፋል። በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ተኑ ከአየር በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፣ ከእህል ክምር አናት ላይ ቢያፈሱት በፍሬው መሐል እየሰረገ እስከ ታች ይወርዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ ለነቀዝ የተሞከረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ቆየት ብሎ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የወይን ሥር እየበላ የፈረንሳይን ገበሬ ሲያራቁት፣ ይህንኑ ፈሳሽ እንደ ትልቅ መርፌ ባለ መሣሪያ መሬቱን ይወጉት ነበር።

ጣጣው ሁለት ነው። አንዱ እሳት ነው። ተኑ ክብሪት ሳይጫር በ90 ዲግሪ ገደማ ራሱን ያቀጣጥላል፤ የሻይ ውኃችን ከሚፈላበት ሙቀት በታች ማለት ነው። የጋለ ቧንቧ ወይም አምፖል ይበቃዋል። ይህን ለማብረድ በአሜሪካ 80 እጅ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ከ20 እጅ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ጋር ቀላቅለው ለእህል ማጠኛ ይሸጡ ነበር። እሳቱ ቀነሰ። ማብረጃው ራሱ ግን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቶሎ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1846 አሌክሳንደር ፓርክስ የተባለ እንግሊዛዊ ጎማን ያለ እሳት በዚህ ፈሳሽ ማጠንከር እንደሚቻል አሳየ። በፓሪስ በየጠባቡ ክፍል ፊኛና የመሳሰለው ይሠራ ጀመር። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ ዴልፔሽ የተባሉ ሐኪም በእነዚያ ሠራተኞች ላይ ያዩትን ጻፉ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ መርሳት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የእግር መዛል፣ የወንድነት መድከም። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ ቶማስ ኦሊቨር የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ሠራተኞቹ አእምሯቸውን ስተው እንዳይዘሉ የፋብሪካው መስኮት በብረት ይታጠር እንደነበር ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ የታጠረው መስኮቱ ነው እንጂ አየሩ አልጸዳም።

ከዚያ ሬዮን የሚባለው ጨርቅ መጣ። ከእንጨት ጭማቂ ክር የሚወጣው በዚሁ ፈሳሽ ነው፤ ዛሬም ትልቁ ሥራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት የሬዮን ሠራተኞች በልብ ሕመም ከሌላው ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። በደቡብ ኮሪያ ዎንጂን ሬዮን የተባለው ፋብሪካ ከጃፓን በመጣ አሮጌ ማሽን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘጋ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተመርዘው ነበር። ማሽኖቹ ግን አልተጣሉም፤ ወደ ቻይና ተሸጡ። ከ1856 እስከ 1993 ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተው አስሉት። ጉዳቱ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። የሚያውቀው ሌላ፣ የሚተነፍሰው ሌላ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በአሜሪካ ካርቦን ዳይሰልፋይድን ለእህል መጠቀም በ1980ዎቹ ቀርቷል። ቦታውን የያዘው እኛም የምናውቀው የነቀዝ ክኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ሦስት ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን እርጥበት ስታገኝ አንድ ግራም ፎስፊን የሚባል ጋዝ ታወጣለች። በሸራ ተሸፍኖ፣ ዳር ዳሩ በአሸዋ ከረጢት ታፍኖ፣ ቀኑ ተቆጥሮ ሲታጠን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን መርዙን የሚያረክስ መድኃኒት በሐኪም ቤት የለም።

እኔ በወጣትነቴ አንድ መጋዘን ታጥኖ በሁለተኛው ቀን ናሙና ላወጣ ገባሁ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነበር። ነጠላ ለአቧራ እንጂ ለጋዝ ምን ይሠራል? ራሴን አዞረኝ፣ አስታወከኝ፣ ደረቴ ጠበበ። የጎተቱኝ ሁለት ተሸካሚዎች ናቸው። እነሱም ያለ ምንም መከላከያ ነበር የገቡት። የመጋዘኑ ዘበኛ ደግሞ ሌሊቱን ያደረው ከግድግዳው ጥግ ተጠግቶ ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ ለሥራ አመራር ቦርዱና ለኃላፊዎች የማቀርበው ይህ ነው። ማጠን የሠለጠነ ሰው ሥራ ይሁን፤ ለቀን ሠራተኛ በቃል ትእዛዝ አይሰጥ። ጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ይገዛ፤ ማጣሪያውም ጊዜው ሲያልፍ ይለወጥ። የዘበኛው ጎጆ ከመጋዘኑ ራቅ ይበል፣ በሩ ላይም የታጠነበትና የሚከፈትበት ቀን ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በአፍ ይነገረው። ክኒኑ በገበያ እንደ ከረሜላ በፍሬ ሲቸረቸር ዝም አይባል፤ እናቶች ሆይ፣ እባካችሁ ልጆች በሚተኙበት ቤት ባለ ጎታ ውስጥ አታስገቡት።

ለቤት እህል ሦስት ድርብ የሆነው አየር የማያስገባ ከረጢት ይሻላል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ ነው። ነቀዙ ያለውን አየር ጨርሶ ራሱ ይሞታል። እህሉ በደንብ ይድረቅ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ ይወደዳል፤ ዩኒየኑ በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ቢያከፋፍል ግን ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ከረጢትና አንድ ጭምብል ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ በመጋዘኑ ደጃፍ እጠብቃችኋለሁ። በተለይ የመጋዘን ሠራተኞች፣ ተሸካሚዎችና ዘበኞች እንዳትቀሩብኝ።