ሳልና የተሰነጠቀ ጎድን
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ሳንባ ሕመም እንድናገር ሲጋብዙኝ ስላይድ የበዛበት ነገር ጠብቀው ይሆናል። ስላይድ የለኝም። ሮቤ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የባሌዋ ሮቤ አይደለችም፤ የአርሲዋ፣ ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለችው። (ይህን ሁልጊዜ መናገር አለብኝ፤ ለእኔ የተላከ ዕቃ ባሌ ደርሶ የተመለሰበት ጊዜ አለ።) ዛሬ የማወራችሁ ግን ሐኪምም በሽተኛም ሆኜ ነው።

አብራችሁኝ ዶርም የኖራችሁ ሳሌን ታውቁታላችሁ። ሌሊት ስስል ትራስ የወረወራችሁብኝም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። የተወለድኩት በ1971 ዓ.ም. አርሲ ገጠር ነው። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን እኛ ቀበሌ እስኪደርስ ዓመታት ፈጅቷል። ትክትክ ቀድሞት ደረሰ። ያ ትክትክ የግራ ሳንባዬን የታችኛውን ክፍል አበላሽቶት ሄደ። የነገሩን ስም ያገኘሁት ተማሪ ሆኜ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው፤ ብሮንኪኤክታሲስ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቡና በፊት አክታ ማውጣት ሥራዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ጎድኔ ተሰነጠቀ። ፈረስ ጥሎኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ በአርሲ አገር ከፈረስ መውደቅ ክብር አለው። የሰበረኝ ግን ሳል ነው። ብርዱ ጠንክሮ፣ አክታው ወፍሮ ሦስት ሳምንት ስስል ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ሌሊት ግራ ጎኔ ላይ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። ሰባተኛው ጎድን ነበር። በጣቴ ስነካው አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ልክ በምስማር እንደተወጋ ያህል ያማል። በሳል የሚሰበር ጎድን ብዙ ጊዜ በዚያ አካባቢ፣ በደረት ጎን በኩል ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። አጥንታቸው በሳሳ ሰዎች ላይ ደግሞ ይቀላል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አጥንቱም እንደሚጎዳ እናውቃለን፣ አይደል?

ራጅ ተነሳሁ። ስንጥቁ አልታየም። እንዲታይም አልጠበቅኩም፤ ተራ የደረት ራጅ የጎድን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ ኒሞቶራክስ አለመኖሩን። እሱ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ቀጥሎ የምነግራችሁን ማንም እንዳይሞክረው።

እንግዲህ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጤነኛ ሳንባ ያለው ሰው ጎድኑ ሲሰበር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ያርፋል፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ይድናል። የኔ ብጤው ግን ካልሳለ አክታው ይከማቻል፣ አክታው ሲከማች ያመረቅዛል፣ ሲያመረቅዝ ይበልጥ ያስላል፣ ሲስል ደግሞ ስንጥቁ ይነቃነቃል። ሮቤ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኔ ሳቹሬሽን በደህናው ቀን 92 ነው። በአራተኛው ቀን 87 አየሁ። ለስንት በሽተኛ «ቢያምዎትም ይሳሉ» ብያለሁ! ምክሩ ትክክል ነው። ግን ሰውነት አይታዘዝም፤ ሳሉ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ሆድና ደረት አብረው ይቆልፋሉ፤ በፈቃድ የሚሆን ነገር አይደለም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት፣ እኛ አኮ የምንላቸው፣ መቀነታቸውን ፈትተው ይዘው መጡ። ሊያስሩኝ ነው። ወጌሻም ሊያስጠሩልኝ ነው።

«አኮ፣ ደረት አይታሰርም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የተሰበረ ነገር ካልታሰረ እንዴት ይገጥማል?»

ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እጅና እግር ላይ ትክክል ናቸው። የኛው ሙያም ደረትን በፕላስተር ጠቅልሎ ያስር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የተወው መታሰሩ ሕመሙን ትንሽ ቢያስታግስም ሳንባው እንዳይሰፋ አድርጎ ለኒሞኒያ ስለሚያጋልጥ ነው። ይህንን በረጅሙ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና፣ «ታዲያ በምን ትይዥዋለሽ?» አሉኝ። ጋቢዬን አራት እጥፍ አጥፌ፣ በሚያመኝ ጎን ላይ በሁለት እጄ አቅፌ አሳየኋቸው። ሳል ሲመጣ ብቻ አጥብቆ መያዝ፣ ካለፈ በኋላ መልቀቅ። «እሱማ እኛም ስናምጥ እንይዛለን» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ጎኔ ከለከለኝ።

ስለ ማስታገሻ አንድ ሁለት ነገር ልበል። እዚህ ላይ ዋናው ሰዓቱ ነው። ፓራሲታሞል አንድ ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ አመመኝ አላመመኝ ሳልል፤ አክታ የማወጣበትን ሰዓት ደግሞ ኪኒኑን ከዋጥኩ ከ45 ደቂቃ በኋላ አደረግሁት። አይቡፕሮፌን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጄንታማይሲን የሚወስድ በሽተኛ ኩላሊቱን፣ አክታው ደም የሚቀላቅል ደግሞ መድማቱን አስቡለት። ኮዴይን ሳልን ስለሚያፍን ለእንደኔ ዓይነቱ ወዳጅ አይደለም። ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን ሆድ ያደርቃል። ጎድን ተሰንጥቆ ሽንት ቤት ማማጥን ያየ ያውቀዋል፤ እሱን በዚሁ ልለፈው።

ሳል ያስቸገረኝን አክታ ያወጣልኝ ሳል ያልሆነ ነገር ነው። እንግሊዞቹ «ሃፍ» ይሉታል፤ እኔ ለበሽተኞቼ «መስታወት ላይ እፍ ብለህ እንደምታጠይበው» እያልኩ ነው የማስተምረው። ሳል ውስጥ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ግፊቱ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ይፈነዳል፤ ጎድን የሚሰብረው ያን ግፊት የሚፈጥሩት ጡንቻዎች ጉተታ ነው። በሃፍ ግን ጉሮሮ ክፍት እንደሆነ ይቆያል። መጀመሪያ ትከሻን ጥሎ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያ ሦስት አራቴ ጎን እስኪሰፋ በጥልቀት ማስገባትና ለሁለት ሦስት ሴኮንድ መያዝ፣ እንደገና ማረፍ፣ ከዚያ «ሃ» ብሎ በረጅሙ ማስወጣት። አክታው ወደ ላይ ሲቀርብ አጭርና ጠንካራ «ሃ»። ጋቢው ሁልጊዜ በጎን ላይ ነው። ጀርባን መደብደብ የሚባለውን የድሮውን ዘዴ በተሰነጠቀው ጎን ላይ ፈጽሞ አላስነካሁም።

ሌላው መሣሪያዬ አንድ ሃይላንድ ነው። ውሃ አሥር ሴንቲሜትር ከፍታ ያህል ሞላሁበት፣ ሰፋ ያለ የሰክሽን ቱቦ እስከ ታች አስገባሁና በአፍ ቀስ እያልኩ አረፋ እያወጣሁ ተነፈስኩበት። የውሃው ክብደት ትንንሾቹ ቧንቧዎች ቶሎ እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል፣ አረፋው ደግሞ ያንቀጠቅጣቸዋል። የጉሉኮስ ቱቦ አይሆንም፤ ቀጭን ስለሆነ ግፊቱ ይበዛል። ውሃውን በየቀኑ መለወጥ፣ ቱቦውን በፈላ ውሃ ማጠብ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳቹሬሽኔ ወደ 91 ተመለሰ፤ አንቲባዮቲኩም ድርሻ ነበረው፣ ሁሉን ለሃይላንድ አልሰጥም።

አሁን የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ፤ በአካል አላውቃቸውም። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የተከማቸው በሲስቲክ ፋይብሮሲስ በሽተኞች ዙሪያ ነው። በሽታውን ዶርቲ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ስትገልጸው ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ነበር የሚሞቱት። ጂኑ በ1989 ተገኘ፤ በ2019 ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘው ኪኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ያኔ ዋጋው በዓመት ወደ 300,000 ዶላር ነበር። ኪኒኑ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት አሥርተ ዓመታት ሰዎቹን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይኸው በየቀኑ፣ ጎድን ተሰንጥቆም ቢሆን፣ አክታን ማውጣት ነው። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚያስተምር ሰው ነው።

እኛ ስንማር ሲስቲክ ፋይብሮሲስ «የነጮች በሽታ» ተብሎ በአንድ አንቀጽ ያለፈ ነገር ነበር። አፍሪካውያን ላይ ግን አለ፤ 3120+1ጂ>ኤ የሚባለው የጂን ለውጥ በተለይ በደቡባዊው አፍሪካ ተደጋግሞ ታይቷል። አውሮፓውያንን መሠረት አድርገው የተሠሩት የጂን መመርመሪያዎች ደግሞ የኛን ሰው ሊያመልጡት ይችላሉ። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የላብ ክሎራይድ ምርመራ አላጋጠመኝም። ኒሞኒያው የሚመላለስበት፣ እየበላ የማይወፍር፣ ሰገራው ቅባት የሆነ፣ የነቀርሳ መድኃኒት ጨርሶም ያልተሻለው ልጅ ሲመጣ እናቱን «ስትስሚው ጨው ጨው ይላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን አዎ ያለችኝ አንዲት እናት ናት። ልጁን ወደ አዲስ አበባ ላክሁት፤ በመንገድ ወጪ ምክንያት ሳይደርስ ቀረ። ስሙን በማስታወሻዬ ይዣለሁ፤ የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እንድታፈላልግልኝ ነግሬያታለሁ።

ለመምህራኖቻችን ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። ተማሪዎቹ የውስጥ ደዌ ልምምድ ላይ ሲሆኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጧቸው፤ ሃፍን ራሳቸው ይሥሩት፣ ከዚያ ለአንድ በሽተኛ ያስተምሩት። በሲቢቲፒ ጊዜ በጭቃ ቤት ለቤት እየዞርን የሽንት ቤት ጉድጓድ ጥልቀት ስንለካ የነበርን ሰዎች ይህ አይከብደንም።

ስድስት ሃይላንዶች ከነቱቦአቸው ይዤ መጥቻለሁ፤ በሻይ ሰዓት ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። አሥር ሴንቲሜትሩ ላይ በማርከር ምልክት አድርጌበታለሁ። ሞክሩት፤ ቱቦ ግን አትቀባበሉ።